በባሕር ማዶ የሚደረግ አጭር የክርስቲያን አገልግሎት፤ አመጣጡ፣ አሠራሩና ፍሬው

አጭር የክርስቲያን አገልግሎት የሚባለው፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በቡድን ሆነው ከአንድ ሳምንት እስከ ጥቂት ወራት ለሚሆን ጊዜ ወደ ውጭ አገር ሄደው፣ ደመወዝ ሳይቀበሉ ቤት በመሥራት፣ በሽተኛ በማከም፣ ልጆች በማስተማር ወይም ወንጌል በመስበክ የሚያገለግሉበት ጉዞ ነው። ይህ አገልጋይ ከቀድሞው ሚሲዮናዊ የሚለየው በጊዜው ማጠር ብቻ አይደለም። የቀድሞው ሚሲዮናዊ ብዙ ዘመን ተቀምጦ የአገሩን ቋንቋ ይማር ነበር። የአሁኑ ግን ብዙውን ጊዜ ቋንቋውን ሳያውቅ መጥቶ ሳያውቅ ይመለሳል፤ ስለዚህም የሚሠራው ሥራ ሁሉ በአስተርጓሚ አፍና በአስተናጋጅ እጅ የተደገፈ ነው።

ጉዳዩ እኛን ተማሪዎችን በሁለት በኩል ይነካናል። በመጀመሪያ፣ ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚችሉት ለእንዲህ ያሉ ቡድኖች አስተርጓሚና መንገድ መሪ እንዲሆኑ ይጠራሉ። ሁለተኛም፣ በውጭ አገር ከሚገኙት የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት መካከል ወጣቶቻቸውን ለጥቂት ሳምንት አገልግሎት ወደ አገር ቤት የሚልኩ አሉ። ስለዚህ አንዳንዶቻችን ተቀባዮች፣ አንዳንዶቻችንም ነገ ተጓዦች ልንሆን እንችላለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥራውን ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ አይደለም፤ ከየት እንደ መጣ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ጥቅሙም ለማን እንደሆነ ለመግለጥ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. አመጣጡ

የዚህ አገልግሎት አንዱ ምንጭ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በፈረንሳይ አገር ይገኛል። ፒየር ሴሬሶል የተባለ የስዊስ መሐንዲስ፣ ጦርነትን የሚቃወሙ ክርስቲያኖች በሆላንድ አገር ባደረጉት ጉባኤ ላይ ከተካፈለ በኋላ፣ በ1920 ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ወደ ቬርደን አካባቢ ሄደ። ቬርደን በ1916 የፈረንሳይና የጀርመን ጦር የተላለቀበት ስፍራ ነው። እነ ሴሬሶል ኤን በምትባል በአካባቢው በምትገኝ መንደር ሰፍረው ለተፈናቀሉት ገበሬዎች መጠለያ ሠሩ፤ በመድፍ የተቦረቦረውንም ምድር ደለደሉ። ከሠራተኞቹ መካከል ጀርመኖች ይገኙ ነበር። የጀርመኖቹ መኖር በአካባቢው ተቃውሞ ስላስነሣ ሥራው በ1921 ቆመ። ይሁን እንጂ ልዩ ልዩ አገር ሰዎች በአንድ ስፍራ ሰፍረው በነጻ የሚሠሩበት ልማድ ከዚያ ወዲህ እየተስፋፋ ሄዶ «ወርክ ካምፕ» ተባለ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ሌላ ምሳሌ እናገኛለን። ሎታር ክራይሲግ የሚባሉ ጀርመናዊ ዳኛ ነበሩ። እኚህ ሰው በናዚ መንግሥት ዘመን የአእምሮ ሕሙማን መገደላቸውን ተቃውመው የተነሡ ናቸው። በ1958 የጀርመን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲኖዶስ በበርሊን በተሰበሰበ ጊዜ አንድ ጥሪ አቀረቡ። የጥሪው ሐሳብ፣ ጀርመኖች የበደሏቸውን ሕዝቦች፣ በአገራቸው በእጃችንና በገንዘባችን አንድ በጎ ነገር እንድንሠራ ፍቀዱልን ብለው እንዲለምኑ ነበር። በዚህ መሠረት ከ1959 ጀምሮ የጀርመን ወጣቶች ወደ ኖርዌይና ወደ ሆላንድ፣ በኋላም ወደ ሌሎች አገሮች ሄደው ሠሩ። በእንግሊዝ አገር ያለው የኮቨንትሪ ካቴድራል ኅዳር 14 ቀን 1940 ሌሊት በጀርመን አውሮፕላኖች ቦምብ ፈርሶ ነበር፤ በ1961 የጀርመን ወጣቶች መጥተው ከፍርስራሹ አንዱን ክፍል ለዕርቅ ሥራ ማእከል እንዲሆን አደሱት። በፈረንሳይ አገር በቴዜ የሚገኘውን የዕርቅ ቤተ ክርስቲያንም እነዚሁ ወጣቶች ሠርተውት በነሐሴ ወር 1962 ተመረቀ።

በእነዚህ በሁለቱ ምሳሌዎች ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በተለይም የጀርመን ወጣቶች የሄዱት እንደ ባለጸጋ ለመስጠት አይደለም፤ እንደ ባለ ዕዳ ለመክፈል ነው። አስቀድመውም ፈቃድ ለመኑ። ተቀባዩ እምቢ የማለት ሥልጣን ነበረው፤ በኤን መንደር እንደ ታየውም ተቀባዩ በዚህ ሥልጣን ሊጠቀም ይችል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው የአውሮፕላን ጉዞ መፍጠኑና ዋጋው መቀነሱ ነው። ሚሲዮናዊው በመርከብ ብዙ ሳምንት ይጓዝበት የነበረው መንገድ የአንድ ቀን መንገድ ሆነ። ሁለተኛው የወጣቶች ማኅበሮች መነሣት ነው። በ1957 ጆርጅ ቨርወር የተባለ አሜሪካዊ የኮሌጅ ተማሪ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በዕረፍት ወራት መንፈሳዊ መጻሕፍት ይዞ ወደ ሜክሲኮ ሄደ፤ ከዚህም ጉዞ «ኦፕሬሽን ሞቢላይዜሽን» የተባለው ድርጅት ተወለደ። በ1960 ደግሞ ሎረን ከኒንግሃም «ዩዝ ዊዝ ኤ ሚሽን» የተባለውን ማኅበር መሠረተ። ቀስ በቀስም ጉዞውን እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን በራሱ የሚያዘጋጀው ሆነ። ሮበርት ዉትኖው የተባሉ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በዓመት 1.6 ሚሊዮን ያህል የአሜሪካ ምእመናን ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ወደ ውጭ አገር እንደሚሄዱ ገምተዋል።

ለ. አሠራሩ

የጉዞው ሥርዓት በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ ከአንድ አገር ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ይጻጻፋል። ቀጥሎ ተጓዦቹ ለዘመድና ለወዳጅ ደብዳቤ እየጻፉ የጉዞውን ገንዘብ ይለምናሉ። ከሚሰበሰበው ውስጥ ብዙው ለአውሮፕላን ቲኬት፣ ለቪዛ፣ ለክትባትና ለማደሪያ ይውላል፤ ቀሪው ለሥራው ዕቃ ይሆናል። ከመነሣታቸው በፊት ጥቂት ጊዜ ተሰብስበው ስለ አገሩ ይማራሉ፤ በመጨረሻውም እሑድ በጉባኤው ፊት ቆመው ጸሎት ተደርጎላቸው ይሸኛሉ። በሄዱበት አገር ጧት ጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ያደርጋሉ፤ ቀን ይሠራሉ፤ ማታ ስለ ዋሉበት ነገር ይወያያሉ። ሲመለሱም በቤተ ክርስቲያናቸው ፎቶግራፍ እያሳዩ ያዩትን ይመሰክራሉ።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ የማይጻፍ አንድ ወጪ አለ፤ እርሱም የአስተናጋጁ ድካም ነው። ይህ ጸሐፊ በተማረበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ቡድን ሲመጣ ለማየት ችሎ ነበር። እንግዶቹ ደግና ትሑት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለት የመማሪያ ክፍሎችም ቀለም ቀቡ። ነገር ግን እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ማደሪያ የሚሆነው ቤት ሲጸዳ፣ አልጋ ሲፈለግ፣ ውሃ ሲፈላና ሲጣራ ሰንብቷል። የወጥ ቤት ሴቶች ሁለት ዓይነት ምግብ እንዲሠሩ ታዘዙ፤ የተሰባበሩ ዴስኮች ይጠግን የነበረው አናጢም ጥቂት እንግሊዝኛ ስለሚያውቅ ሥራውን ትቶ ከእንግዶቹ ጋር ዋለ። እንግዳ መቀበል በአገራችን የተከበረ ልማድ ስለሆነ ማንም ይህን እንደ ወጪ አልቆጠረውም። ያልተቆጠረ ወጪ ግን የለም ማለት አይደለም። ክፍሎቹ ቀለም ሲያገኙ ዴስኮቹ ሳይጠገኑ ቆዩ።

እዚህ ላይ የአገራችንን የሥራ ልማድ ማነጻጸር ይጠቅማል። ገበሬው አጨዳ ወይም ቤት ሥራ ሲበዛበት ጎረቤቱን ደቦ ይጠራል፤ ለመጡትም ምግብና ጠላ ያቀርባል። ወንፈል ሲሆን ደግሞ ዛሬ ለእኔ የሠራህልኝን ነገ በአንተ እርሻ ላይ እመልሳለሁ የሚል ውል አለበት። በሁለቱም ዘንድ ሠራተኛውን የሚጠራው ባለ ሥራው ነው፤ የሚሠራውን ነገርና ቀኑን የሚወስነውም እርሱ ነው። በባሕር ማዶ አገልግሎት ግን ብዙ ጊዜ ቀኑን የሚወስነው የእንግዳው የዕረፍት ወር ነው፤ ሥራውንም የሚወስነው እንግዳው ሊሠራው የሚችለው ነገር ነው። ውለታውም ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ የለውም። የሁለቱ ልዩነት ይህ ነው።

ሐ. ከሆንዱራስ የተገኘ ትምህርት

ስለ ፍሬው ከተደረጉት ምርመራዎች በጣም የታወቀው በመካከለኛው አሜሪካ በምትገኘው በሆንዱራስ የተደረገው ነው። በጥቅምት ወር መጨረሻ 1998 ሚች የተባለው ታላቅ ዐውሎ ነፋስ በዚያች አገር ላይ ወርዶ ብዙ ሺህ ሰው ገደለ፤ የጎርፉም ብዛት ብዙ ቤት ጠርጎ ወሰደ። ከሰሜን አሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ቡድኖች ቤት ለመሥራት ወደዚያ ጎረፉ። ከርት ቨር ቢክ የተባሉ፣ በሆንዱራስ የሚኖሩ የካልቪን ኮሌጅ የሶሲዮሎጂ መምህር፣ በእንግዶች እጅ የተሠራላቸውን ቤተሰቦች የአገሩ ሰዎች ከሠሩላቸው ቤተሰቦች ጋር አነጻጸሩ፤ ጥናታቸውንም በ2006 አሳተሙ።

ያገኙት ውጤት ብዙዎችን አስደንቋል። በቤተሰቦቹ ኑሮም ሆነ በእምነታቸው፣ ቤቱን የሠራው እንግዳ በመሆኑ ወይም የአገር ሰው በመሆኑ የሚታወቅ ልዩነት አልተገኘም። ሁለቱም ቤት አገኙ፤ ሁለቱም ተደሰቱ። በወጪው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነበር። አንዱ ቤት 2,000 ዶላር ያህል ሲፈጅ፣ አንድ ቡድን ለጉዞው የሚያወጣው እስከ 30,000 ዶላር ይደርስ ነበር። በዚያ ገንዘብ 15 ቤት ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። ከዚህም በላይ በዚያን ጊዜ የሆንዱራስ ግንበኛና አናጢ እርሻውና ሥራው ጠፍቶበት ደመወዝ ይፈልግ ነበር። የእኛ አባቶች «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ያሉት ለዚህ ዓይነት ነገር ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ የሚሰጠው መልስ፣ ጉዞው ተጓዡን ስለሚለውጠው ወጪው አይቆጭም የሚል ነው። ተጓዡ ድህነትን በዓይኑ ካየ በኋላ አብዝቶ ይለግሳል፣ ይጸልያል፣ ከተቀባዮቹም ጋር ወዳጅነቱን ይቀጥላል ይባላል። ቨር ቢክ ይህንም መርምረዋል። ለጠየቋቸው ተጓዦች ከተላከው መጠይቅ 127 ሰዎች መልስ ሰጥተዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በአንዳንድ ነገር ተለውጠናል፣ ልግስናችንም ጨምሯል ብለው መለሱ። የድርጅቱ መዝገብ ሲታይ ግን የተናገሩትን ያህል ጭማሪ አልተገኘበትም። ይህ ሰዎቹ ዋሽተዋል ለማለት አይደለም። በጉዞው ጊዜ ልባቸው በእውነት ተነክቶ ነበር። ነገር ግን የተነካ ልብ ወደ ቀድሞ ኑሮው ሲመለስ፣ የሚከታተለውና የሚጠይቀው ጓደኛ ከሌለ፣ እንደ ተጎነበሰ ለጋ ቅርንጫፍ ተመልሶ ይቃናል።

በሌላ በኩል አንድ እውነተኛ ክርክር አለ፤ እርሱንም መሸሸግ አይገባም። 30,000 ዶላሩ ጉዞው ባይኖር ኖሮ ወደ ሆንዱራስ ይላክ ነበርን? ብዙ ሰው የሚያውቀው ልጅ እንዲጓዝ ገንዘብ ይሰጣል እንጂ ለማያውቀው ግንበኛ አይሰጥም። ስለዚህ በወረቀት ላይ 15 ቤት የሚሆነው ገንዘብ በእውነቱ አንድ ቤትም ላይሆን ይችል ነበር። ይህ ክርክር የሚያስረዳው ግን የሰጪውን ጠባይ ነው፤ የተቀባዩን ጥቅም አያስረዳም። የገንዘቡ መንገድ በሰጪው ስሜት ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ሰጪውን ማስተማር የቤተ ክርስቲያኑ አንዱ ተግባር ነው ማለት ነው።

መ. የተቀባዮች ቃል

ተቀባዮቹ ዝም ብለው የኖሩ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በሚያዝያ ወር 1968 ኢቫን ኢሊች የተባሉ፣ በሜክሲኮ የሚኖሩ የካቶሊክ ካህን፣ በዕረፍት ወራት ወደ ሜክሲኮ ለአገልግሎት ይሄዱ በነበሩ የአሜሪካ ተማሪዎች ፊት ብርቱ ንግግር አደረጉ። የንግግራቸው ፍሬ ነገር፣ ለማየትና ለመማር ኑ፤ ልንረዳችሁ ነው ብላችሁ ግን አትምጡ የሚል ነበር። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው የሚያደርሰውን ጉዳት እንኳ ለመስማት እንደማይችል አስረዱ።

በ1971 የምሥራቅ አፍሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኬንያዊው ጆን ጋቱ፣ የአፍሪካ ቤተ ክርስቲያን ራሷን እንድትችል ከውጭ የሚመጣው ሰውና ገንዘብ ከ5 ዓመት ለማያንስ ጊዜ እንዲቆም ጠየቁ። በ1974 በሉሳካ የተሰበሰበው የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም ይህን ሐሳብ ደገፈ።

ከእኛም አገር የተሰማ ቃል አለ። በ1972 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ለሉተራን ዓለም ፌደሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው ለጋሾቹ ለልማት ሥራ ገንዘብ ሲሰጡ ለወንጌል ሥራ የሚነፍጉበትን ምክንያት ይጠይቃል፤ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ በሁለት መዝገብ ሊከፈል እንደማይገባው፣ የሚያስፈልገውንም ነገር ለጋሹ ብቻውን ሊወስንለት እንደማይችል ያስረዳል። ደብዳቤው ስለ አጭር አገልግሎት የተጻፈ አይደለም። ነገር ግን ያነሣው ጥያቄ በዚህ ጉዳይ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወድቅ ነው፤ የሚያስፈልገውን የሚያውቅ ማን ነው?

እነዚህ ሦስቱ ድምፆች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ለእርዳታ አትምጡ አለ፤ ሁለተኛው ለጊዜው ቁሙ አለ፤ ሦስተኛው ከእኛ ጋር ተመካክራችሁ ስጡ አለ። የሚስማሙበት ነገር ግን አለ፤ ይኸውም በጎ ፈቃድ ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው።

ሠ. የጊዜ ማጠር ሁልጊዜ ጉድለት ነውን?

አይደለም። በሁለት ሳምንት ሊፈጸም የሚገባውን ነገር በሁለት ሳምንት መፈጸም ነውር የለበትም። ለምሳሌ አንድ የዓይን ሐኪም ለአገሩ ሐኪሞች አንድ የቀዶ ሕክምና ዘዴ ለማስተማር ቢመጣ፣ ከሄደ በኋላ የተማሩት ሰዎች ሥራውን ይቀጥላሉ። ያው ሐኪም ግን መቶ ሰው አክሞ ቢሄድና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቁስሉ የሚያመረቅዝበትን በሽተኛ የሚያይ ባይኖር፣ ደስታው ወደ ኀዘን ሊለወጥ ይችላል። ደግሞም ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት ባሉበት ቤት በየሁለት ሳምንቱ አዲስ እንግዳ እየመጣ አቅፎ፣ አጫውቶ፣ አስለምዶ ቢሄድ፣ ልጁ በተደጋጋሚ መለየትን ይማራል እንጂ ፍቅርን አይማርም። ስለዚህ ጊዜው ከሥራው ዓይነት ጋር መመዘን አለበት።

ለማነጻጸር የራሳችንን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ማስታወስ ይቻላል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1964 ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የሚባል ደንብ ነበር። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በአገሩ ውስጥ ያገለግል ነበር፤ ብዙዎቹም በጠቅላይ ግዛት ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥራ አልነበረም፤ ወደ ባሕር ማዶም አያስኬድም። ነገር ግን ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አስተማሪው ክረምቱንም በጋውንም ያያል፤ ተማሪው በአዝመራ ጊዜ ከትምህርት የሚቀርበትን ምክንያት ይረዳል። ሁለተኛ፣ ከከተማ የሄደው ወጣት እንግዳ ቢሆንም ደመወዙ፣ አለቃውና የሥራው ልክ የታወቀ ነው፤ ቢያጠፋም የሚጠይቀው አለ። የሁለት ሳምንት እንግዳን ግን የሚጠይቀው የለም። ምስጋና ብቻ ይቀበላል።

ረ. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚከተለውን ለመደምደም ይቻላል። የአጭር አገልግሎት ጉዞ በመጀመሪያ የተነሣው በተጎዳ ምድር ላይ፣ በትሕትና፣ በተቀባዩ ፈቃድ ነው። በኋላ ዘመን ጉዞው ሲቀልና ተጓዡ ሲበዛ፣ የእንግዳው ምቾትና የዕረፍት ወር ሥራውን ይመራው ጀመር። የሆንዱራስ ጥናት እንዳሳየው ቤቱ ተሠርቷል፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ መሠራቱ ለባለ ቤቱ የጨመረለት ነገር አልታየም። ስለዚህ ጉዞው በእውነት ከሚሰጠው ነገር ትልቁ ለተጓዡ የሚሰጠው ትምህርት ነው። እንዲህ ከሆነ ስሙን አስተካክሎ መጥራት ይገባል። ተጓዡ ተማሪ ነው፤ ተቀባዩ አስተማሪ ነው። ለአስተማሪ ደግሞ ክብርና ዋጋ ይገባዋል።

በተግባር ሲታይ፣ አስተርጓሚ እንዲሆን ወይም አብሮ እንዲሄድ የተጠየቀ ተማሪ እሺ ከማለቱ በፊት እነዚህን አራት ነገሮች ቢጠይቅ መልካም ነው። ሥራውን የጠየቀው ማን ነው? ይህን ሥራ ሠርቶ ደመወዝ የሚያገኝበት የአገር ሰው አለን? የአስተናጋጁ ድካምና ወጪ በሒሳቡ ውስጥ ገብቷልን? እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሥራውን የሚይዘው፣ ቢበላሽም የሚጠግነው ማን ነው?

በተለይ አስተርጓሚ የሆነ ተማሪ ኀላፊነቱ ከባድ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚተያዩት በእርሱ አፍ በኩል ነው። አስተናጋጁ በይሉኝታ «ሁሉም ደኅና ነው» ሲል፣ ከዚያ ቃል በስተ ጀርባ ያለውን ችግር እንግዳው በራሱ ሊሰማው አይችልም። ያን በአክብሮት ለመግለጥ የሚችለው አስተርጓሚው ብቻ ነው፤ እንግዳውም በእውነት ሊያገለግል የመጣ ከሆነ ያመሰግነዋል። ወንፈል የሚጸናው ሁለቱም ወገኖች ዕዳቸውን ሲያውቁ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ወንድምም የወሰደውን ትምህርት እንደ ዕዳ ቆጥሮ በአገሩ መክፈል ከጀመረ፣ ሁለቱ ሳምንታት በከንቱ አላለፉም ሊባል ይቻላል።